የጤና መድን መዋጮ ዘንድሮም ልክፈል ወይስ ገንዘቡን ለመድኃኒት ላስቀምጠው?

ጡረተኛ መምህር፣ ሞላሌ

ከሞላሌ ወጣ ብሎ የሚያርስ ታላቅ ወንድም አለኝ። የቤቱን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ በየዓመቱ የምከፍለው እኔ ነኝ። ዘንድሮ መዋጮው ጨምሯል ተባለ። ያናደደኝ ግን ጭማሪው አይደለም። ወንድም ጋሼ የደም ግፊትም የስኳርም ሕመም አለበት። የመድን ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ካርድ በነጻ ያወጣል፣ በነጻ ይመረመራል። አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ይታዘዝለታል። መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ ሲደርስ «አልቋል፣ ከውጭ ይግዙ» ይሉታል። አምና በግ ሸጠን ነው የገዛነው። መዋጮውንም ከፍለን፣ መድኃኒቱንም ገዝተን!

የቀበሌው ሰብሳቢ «እንደ ዕድር ቁጠሩት» ይለናል። የዕድራችን ድንኳን ግን ተቀዳዶም ቢሆን በለቅሶው ቀን ይተከላል።

በሥራ ላይ ሳለሁ፣ በ2002 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ተግባራዊ ይሁን፣ ከደመወዛችሁ 3 በመቶ ይቆረጥ ሲባል ከተቃወሙት መምህራን አንዱ ነበርኩ። ያኔም ያልኩት «መጀመሪያ መድኃኒቱን አሳዩኝ» ነው። ዛሬም ከዚያ ቃል አልተነቃነቅሁም።

ሌላውም ወሬ አያጽናናም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ዋጋ አይቀመስም። በጥር 2017 አሜሪካ ዕርዳታዋን አቋረጠች፤ በግንቦት የጤና ባለሙያዎቹ ራሳቸው ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ አቆሙ። በእኛ በኩል ደግሞ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል።

ታዲያ ምን ትመክሩኛላችሁ? «መድን ለሁሉም ይጠቅማል» የሚለውን ከግድግዳ ላይ አንብቤዋለሁ፤ እሱን አትድገሙልኝ።

የደብረ ሲናዋ

ጋሼ፣ ይክፈሉ። ልጄን ሌሊት ሆዱን ቆረጠው፤ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል ብለው ሪፈር ጻፉልን። ደብረ ብርሃን ወስደነው በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለቀዶ ሕክምናውም ለአልጋውም አልከፈልንም። ጓንትና አንዳንድ መርፌ ከውጭ ግዙ ተብለናል፣ አልዋሽዎትም። ደብተሩ ባይኖር ግን ላሚቱ ትሸጥ ነበር። ብቻ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ እንዳይሄዱ፤ አብሮን የተኛ አንድ አባት በዚህ የተነሣ ከኪሳቸው ሲከፍሉ አይቻለሁ።

የቀወቱ

በፈቃድ ነው ይባላል። እኛ ቀበሌ ግን ደብተር ያላሳደሰ ሰው መታወቂያ ሲጠይቅ «መጀመሪያ መድንህን ጨርስ» ይባላል። ምን ዓይነት ፈቃድ ነው ይኼ?

ጤና መኮንን ነኝ

መምህር፣ መስኮቱ ላይ ሆኖ «አልቋል» ማለት ለእኛም ውርደት ነው። አሠራሩን ልንገርዎት። መዋጮው የወረዳው መድን የጋራ ቋት ውስጥ ይገባል። እኛ አባላቱን በዱቤ እናክማለን፤ ከዚያ ሒሳቡን ሠርተን ለመድኑ እናቀርባለን። መድኑ ሲከፍለን ነው መልሰን መድኃኒት የምንገዛው። ክፍያው ሲዘገይ መደርደሪያው ይራቆታል። መደርደሪያው ሲራቆት ደግሞ ጤነኛው «ምን አገባኝ» ብሎ ይቀራል፤ የሚያሳድሰው የታመመው ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ቋቱ ጭራሽ ይሳሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮው ይጨምራል። የዘንድሮው ጭማሪ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው አልልም፤ የመድኃኒቱን ዋጋ እርስዎም ጠቅሰውታል።

መድኃኒት ሲጠፋ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም እንዲደረግበት ይጠይቁ። መድኑ ከሌላ መድኃኒት ቤት ጋር ውል የገባበት ወረዳ አለ፤ እዚያ በማዘዣው ይሰጣል። የእናንተ ወረዳ እንዲህ ያለ ውል እንዳለው ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ። ደግሞ ለማንም ይንገሩ፦ ክትባት፣ ወሊድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና መድን ኖረም አልኖረም በነጻ ነው።

ጡረተኛ መምህር፣ ሞላሌ

ልጄ፣ በግልጽ ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥህ። ነገር ግን ክፍያውን ያዘገየው ገበሬው አይደለም። እሱ ገብሱን ሸጦ ገና ሳይታመም ከፍሏል። ቀድሞ የከፈለው ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ይለምናል፣ ዘግይቶ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ግን የሚጠይቀው የለም። ቀበሌው የሰው መታወቂያ ከሚይዝ፣ ለጤና ጣቢያው ስንት እንደተከፈለና ስንት እንደቀረ በየሩብ ዓመቱ በር ላይ ይለጥፍልን። ማንበብ እንችላለን፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ እከፍላለሁ። ያሳመነችኝም የደብረ ሲናዋ እኅቴ ናት። ግፊትና ስኳሩን በበግም ቢሆን እንገፋዋለን፤ ቀዶ ሕክምና ቢመጣ ግን የምንሸጠው አይበቃንም። ማኅተሙንም አስደርጋለሁ፣ ደረሰኙንም አከማቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፦ የወንድሜ ትልቁ ልጅ 18 ዓመት ሞልቶታል። በአባቱ ደብተር ይታከማል?

ጤና መኮንን ነኝ

18 ከሞላው በአባቱ ደብተር ለመቆየት ተጨማሪ ይከፈልለታል። አግብቶ ጎጆ ከወጣ ግን ራሱን ችሎ ይመዘገባል። የሚያሳድሱበት ጊዜ ሳያልፍ ፎቶውን ይዘው ቀበሌ ይሂዱ።

ጡረተኛ መምህር፣ ሞላሌ

አላገባም። ሰኞ ፎቶ አስነሥቼው እሄዳለሁ።