ዋጋው የከበደ ደንብ በኮንግረስ ይጽደቅ? ክርክር

የዴንቨር ሹፌር፦ እኔ ይጽደቅ ባይ ነኝ። እዚህ አሜሪካ «ሬይንስ አክት» የሚባል የሕግ ረቂቅ አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያወጣው፣ በኢኮኖሚው ላይ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ተጽእኖ ያለው ደንብ ኮንግረስ ካላጸደቀው አይሠራም ይላል። የታችኛው ምክር ቤት ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ደጋግሞ አሳልፎታል፣ ሴኔት ላይ ይቀራል። ትራክ የምንነዳ ነገሩ ይገባናል። በ2017 መጨረሻ ኢኤልዲ ግዴታ ሆነ። ከሞተሩ ጋር ተገናኝታ ሰዓትህን የምትቆጥር መሣሪያ ናት። 11 ሰዓት ከነዳህ በቃ፤ ማቆሚያ አገኘህ አላገኘህ ጉዳይዋ አይደለም። አንድ ሌሊት ትራክ ስቶፑ ሁለት ማይል ሲቀረኝ መውጫው ዳር አድሬያለሁ። ይህን የወሰነው ማንም ያልመረጠው ቢሮ ነው።

የአትላንታዋ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ ምሳሌህ ለእኔ መሰከረልኝ። ኢኤልዲ እንዲገባ ያዘዘው ኮንግረስ ራሱ ነው፣ በ2012 ባወጣው የትራንስፖርት ሕግ። መሥሪያ ቤቱ በ2015 ዝርዝሩን ጻፈ እንጂ።

የዴንቨር ሹፌር፦ ጣጣው እኮ ዝርዝሩ ላይ ነው!

የሲያትል ልጅ፦ ዝርዝሩን ለኮንግረስ ስጠውና እየው። በጀቱን እንኳ በጊዜው አያጸድቅም፣ በ2018 መጨረሻ መንግሥት 35 ቀን ተዘግቶ አልነበር? ሹፌር በግድ የሚወስዳት የ30 ደቂቃ እረፍት ትዝ ትልሃለች? ድሮ ጭነት ሲራገፍ የቆምክበት እንደ እረፍት አይቆጠርም ነበር። ሹፌሩ ጮኸ፣ በ2020 መሥሪያ ቤቱ አስተካከለው። አሁን ይቆጠርልሃል።

ጋሼ ከዲሲ፦ ልጆች፣ ዋናውን ዘለላችሁት። ኮንግረስ ደንብ የሚሽርበት ሕግ ከ1996 ጀምሮ አለው። እስከ 2016 መጨረሻ ግን በዚያ ሕግ የሻረው አንድ ደንብ ብቻ ነው። በዛሬው አሠራር ኮንግረስ ዝም ካለ ደንቡ ያልፋል። በሬይንስ ደግሞ ዝም ካለ ደንቡ ይሞታል። ጸቡ በሙሉ ዝምታው ለማን ይሁን ነው። እኔ ለሎቢስት፣ ተከፍሎት ኮንግረስን ለሚያግባባው፣ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ሰው ዝም ማሰኘት ለእነሱ ቀላል ነው።

የዴንቨር ሹፌር፦ ጋሼ፣ እሱስ እውነት ነው። ግን 100 ሚሊዮኑ የሚሰላው በአገር ደረጃ ነው። እዚያ ሳይደርስ አንድ ትራክ ያለውን የሚጥል ደንብ አለ። ለእሱ ማን ይጮኻል?

የአትላንታዋ ሒሳብ ሠራተኛ፦ የደንቡ ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት ሲወጣ ጻፍክ?

የዴንቨር ሹፌር፦ እ... ያኔ ኦክላሆማ ላይ እየነዳሁ ነበር።