ሽሮሜዳ ልከራይ ወይስ ኮዬ ፈጬ እህቴ ጋ ልጠጋ?

ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ኪሎ ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር ነው፤ ዶርም የለኝም፣ እስከ እሁድ መወሰን አለብኝ።

ሽሮሜዳ አንዲት ክፍል ሰርቪስ አግኝቻለሁ። ከግቢው በር በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ጠዋት ቁልቁለት ነው፣ ደስ ይላል፤ ላይብረሪ አምሽቶ ዳገቱን መውጣት ግን አለ። አልጋና ጠረጴዛ ካስገባሁ በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ለክቼዋለሁ። ሽንት ቤት የጋራ፣ ውሃ ከሮቶ። ይሄን ሁሉ እችለዋለሁ። ያስጨነቀኝ አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠይቀው ውል አልፈርምም ማለታቸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም፤ ውሉም በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገብና ቢያንስ ለሁለት ዓመት መሆን አለበት። ይህንን ስነግራቸው «እንግዲያው ልጄ፣ አዋጁ ያከራይህ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ሳቄ መጣ።

እህቴ ጋ ደግሞ ኪራይ የለም፣ እራት አለ። ግን ሁለት ልጆች አሏት፣ የምተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ትናንት ጠዋት መንገዱን ስሞክረው ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

በዚህ ያለፋችሁ፣ አከራይን ሳያስቀይሙ ውል ማስፈረም እንዴት ይቻላል? ወረዳ ሄጄ ብጠይቅስ ክፍሏን አጣ ይሆን? ፈረንሳይ ወይ ጃንሜዳ አካባቢ ደባል የሚፈልግ ተማሪ ካለም ጠቁሙኝ፤ ለደላላ የምከፍለው የለኝም።