የልጁ ጥያቄና የጭልጋ ጥርሶች

ጥያቄ (መምህርት፣ ባሕር ዳር)
ትናንት ስለ ቅሪተ አካል ሳስተምር ድንቅነሽን አነሳሁ፤ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች። አባቱ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ተማሪዬ እጁን አወጣና «አንድ አጽም ያ ፍጥረት እንደነበረ ያሳያል፤ መለወጡን ግን በምን ያሳያል? ደግሞስ ሁሉም አፋር ነው፤ እኛ ጋ ምን አለ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ተደወለ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ሰኞ ምን ይዤ ልግባ?

መልስ (የጭልጋ ተወላጅ)
መምህርት፣ ልጁን ይሳሙልኝ! ከጣና በስተሰሜን ምዕራብ፣ ጭልጋ ላይ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው እንስሳት ቅሪተ አካል ወጥቷል። ዕድሜያቸው የታወቀው በደለሉ መካከል በተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አንዱ የዝሆን ዘመድ በአገሬ ስም «ጭልጋቴሪየም» ተብሏል፤ ስሰማው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ልጁ አንድ አጽም አይበቃም ማለቱ ትክክል ነው። ስለዚህ የመንጋጋ ጥርስ ይደርድሩለት። የጥንቶቹ የዝሆን ዘመዶች ጥርስ አጭርና ጉብጉብ ያለ ነበር፤ ለለስላሳ ቅጠል ይበቃል። የዛሬው ዝሆን ጥርስ ረጅም ነው፤ ገጹ እንደተወቀረ ወፍጮ ሸንተረር በሸንተረር ሆኖ ሻካራ ሣር ይፈጫል። በመካከል ያሉትን በየአፈር ንጣፋቸው ዕድሜ ሲያሰልፏቸው ሸንተረሩ ሲበዛ፣ ጥርሱም ሲረዝም ይታያል። ሁሉም ግን ዘር አልተካም። እዚያው ጭልጋ የተገኘው፣ አርሲኖይቴሪየም የተባለው አውራሪስ መሰል እንስሳ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ነበሩት፤ ዛሬ ተወላጅ የለውም።

መልስ (በዓሣ ጥናት ጀልባ ላይ የሠራሁ)
በዚህ ላይ የነጭ ዓሣ ጭንቅላት ይጨምሩበት። ነጭ ዓሣ ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በሌላ ውኃ አይገኙም። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ሌላ ዓሣ የሚያድነው አፉ ሰፊ ነው፤ ከወለል የሚለቅመው አፉ ወደ ታች የዞረ ነው። ልጁ ይህን ከአባቱ ጀልባ ላይ ያውቀዋል። ከአጥንት ምግብን ማንበብ ከዚያ ይጀምርለት።

መምህርት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጭንቅላት አባቱ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ።

መልስ (በዓሣ ጥናት ጀልባ ላይ የሠራሁ)
ቀቅለው ይውሰዱት፤ ሥጋው ካልለቀቀ የጉሮሮው ጥርስ አይታይም።