የኢምፕላንቱን ብረት በምን ነው የሚያጸዱት? ሌዘር ወይስ ፈሳሽ?

ናቲ፦
ሰላም ቤተሰብ። ታችኛው መንጋጋዬ ላይ ያስተከልኩት ኢምፕላንት (በጥርስ ሥር ፋንታ አጥንት ውስጥ የሚገባው ብረት) ዙሪያ ድዴ እያበጠ፣ ስቦርሽ እየደማ አስቸገረኝ። ራጅ ተነሳሁና አጥንቱ ትንሽ ወርዷል ተባልኩ። ሐኪሜ ድዱን ከፍተን ብረቱን እናጽዳው እያለ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ሌዘር ካልሆነ ዋጋ የለውም፣ ጀርሙን ሙልጭ አድርጎ የሚያጠፋው እሱ ብቻ ነው ይለኛል። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ነው የሚሉ አሉ፣ ሲትሪክ አሲድ የሚሉም አሉ። ኧረ የምታውቁ ንገሩኝ። ቤት ውስጥ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብጉመጠመጥስ አይበቃም?

የድድ ሐኪም፦
ከመጨረሻው ልጀምር። አይበቃም ወንድሜ። ጉምጥምጡ ድዱ ስር ጠልቆ አይገባም፣ ቢገባም ተጣብቆ የተደራረበውን ባክቴሪያ አያነሳውም።

ኢምፕላንት እንደ ብሎን ጥርስ አለው፣ በዚያ ላይ አጥንት ጥብቅ አድርጎ እንዲይዘው ፋብሪካው ሆን ብሎ ያሻክረዋል። አጥንቱ ሲወርድ ያ ሻካራው ክፍል ይጋለጥና ባክቴሪያው በየስርጉዱ ይመሽጋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ፈሳሹ ሳይሆን ፍተጋው ነው። ድዱን ስከፍት መጀመሪያ የተቆጣውን ሥጋ አወጣለሁ፣ ከዚያ በታይታኒየም ኩሬት (መፋቂያ መሣሪያ) እና በሚሽከረከር የታይታኒየም ብሩሽ ሳላይን (ንጹህ የጨው ውሃ) እያፈሰስኩ እፈትጋለሁ፣ በመጨረሻ ሳላይን በነከርኩት ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) አሻለሁ። የስቲል ኩሬት ኢምፕላንቱ የተሠራበትን ታይታኒየም ይቧጭረዋል፣ የፕላስቲኩ ደግሞ እየተላጠ ስባሪው እዚያው ይቀራል።

እኔን ሁሌ የሚፈትነኝ የብሎኑ ጥርስ የታችኛው ፊት ነው። የላይኛው ፊት ነጭቶ ሲታይ የጨረስክ ይመስልሃል፣ ከስሩ ግን መሣሪያው በደንብ አይደርስም። እዚህ ላይ የግላይሲን ወይም የኤሪትሪቶል ዱቄት በአየርና በውሃ የሚረጨው ማሽን ይረዳል፣ ግን አየሩ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ፊት ሊያሳብጥ ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሌዘር ሁሉ አንድ አይደለም። ኤርቢየም ያግ የሚባለው ጉልበቱን ውሃው ስለሚመጠው በአግባቡ ከተያዘ ብረቱን ብዙም አይጎዳም። ኒዮዲሚየም ያግ ግን ገጹን ሊያቀልጠው ይችላል። ሙቀቱም አለ፤ አጥንት 47 ዲግሪ ለ1 ደቂቃ ከቆየበት መጎዳት ይጀምራል፣ ቀልድ አይደለም። ሌሎቹን በግልጽ የሚበልጥ አንድ ዘዴ እስካሁን የለም። ሙልጭ አደርጋለሁ የሚልህን አትመን።

ሜሪ ዲ፦
እኔም ጥርስ ሐኪም ነኝ፣ በፍተጋው እስማማለሁ። ክሎርሄክሲዲንን ግን ቀዶ ጥገና ላይ ትቼዋለሁ። ታይታኒየም ላይ ተጣብቆ ይቀርና ቁስሉን የሚያድኑትን ሴሎች ይጎዳል። ሲትሪክ አሲድም ቢሆን ከፍተጋ በኋላ እንጂ በፍተጋ ፋንታ አይሆንም። ናቲ፣ ለመሆኑ መጀመሪያ ድዱ ሳይከፈት ተጸድቶልሃል? እሱ ይቅደም። ከሳምንታት በኋላ ታይቶ አሁንም ከደማ፣ መግል ካለው ወይም ኪሱ (በድዱና በኢምፕላንቱ መሃል ያለው ክፍተት) ጥልቅ ከሆነ ያኔ ይከፈት።

ሳሚ፦
እንደ ታካሚ ልናገር። የኔ ከጸዳ በኋላ ተመልሶ አበጠ። ምክንያቱ ዘውዱ (ኢምፕላንቱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሠራሽ ጥርስ) ነበር፤ ሆዱ ተነፍቶ ድዱ ላይ ስለተጋደመ በጥርስ መሃል የምትገባዋ ትንሽ ብሩሽ መግቢያ አልነበራትም። ተፈቶ ጎኑ ከተስተካከለ ወዲህ ብሩሿ ከዳር እስከ ዳር ታልፋለች፣ መድማቱም ቆሟል። ሲጋራ ካለህ ደግሞ በናትህ ተወው።

ናቲ፦
ተባረኩ። ድዱ ሳይከፈት አልጸዳልኝም፣ በቀጥታ ወደ መክፈቱ ነው የተሄደው። ብሩሿም በአንድ ጎን አትገባም። ዘውዱ በብሎን የታሰረ ነው ብሎኝ ነበር፣ እንዲፈታው ልጠይቀው?

የድድ ሐኪም፦
በደንብ ጠይቀው። በብሎን ከሆነ ፈትቶ መመለስ ከባድ አይደለም፣ ሲፈታ ኪሱንም በትክክል ይለካዋል፣ ለማጽዳትም እጁ ይደርሳል። በሲሚንቶ (በጥርስ ማጣበቂያ) የተለጠፈ ከሆነ ግን ድዱ ስር የቀረ ትራፊ ካለ እንዲያይልህ ንገረው፣ እሱ ብቻውን እንዲህ ያስቆጣል። የተተከለልህ ጊዜ የተነሳኸውን ራጅም ይዘህ ሂድ፣ አጥንቱ ምን ያህል እንደወረደ የሚታወቀው ከሱ ጋር ሲተያይ ነው።