ፖሊሽ ያደረግኩት ኮፈን ፀሐይ ላይ ጉድ ሆነ

ሰላም ወገን፣ ጥቁር ኮሮላ አለችኝ፣ ኮፈኗ ደብዝዞ ስለነበር ጋራዥ ከምወስዳት ራሴ ልሞክር ብዬ የሚሽከረከረውን ፖሊሽ ማሽን ከጓደኛዬ ተዋስኩ። በሱፍ ፓድና በሻካራው ኮምፓውንድ (ቀለሙን የሚፍቀው ቅባት)፣ በደቂቃ 1800 ዙር ላይ አድርጌ፣ ጠርዙን እንዳይበላው በፕላስተር ሸፍኜ ሰራሁት። ጥላ ስር መስታወት ሆነች፣ ጢሜን ሁላ አየሁባት! ጠዋት ፀሐይ ላይ ሳወጣት ግን ማሽኑ የሄደበት መንገድ ሁሉ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ያብለጨልጫል፣ እኔ ስንቀሳቀስ አብሮኝ ይሄዳል። ሰም ቀባሁት ጠፋ፣ በሳሙና ሳጥባት ተመልሶ መጣ። ከዛ ስፖንጅ ፓድ ቀይሬ በዛው ኮምፓውንድ ደገምኩት፣ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልለቀቀም፣ ክሊሩን (ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን) እንዳልጨርሰው ደሞ ፈራሁ። ማሽኑ ነገ ይመለሳል። በዚሁ ማሽን ለስላሳ ስፖንጅና ደቃቁን ፖሊሽ ይዤ ዙሩን ወደ 1000 ባወርደው ይለቃል ወይስ የግድ ሌላኛው፣ እየተወዛወዘ የሚዞረው ማሽን ያስፈልገኛል?