907 ስንደውል መስመሩ ይከፈታል፣ ቁጥሩ ግን አይወጣም

ጤና ይስጥልኝ። በድምፅ ጌትዌይ (የቢሮ ስልኮችን ከውጭ የስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ሥራ ልምድ ያላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የምሠራበት ክሊኒክ በሲስኮ ራውተር ላይ ባሉ አራት የኤፍኤክስኦ ፖርቶች (የውጭ ስልክ መስመር የሚሰካባቸው) ወደ ውጭ ይደውላል። ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ የምንጫነው መውጫ 9 ስለሆነ በዳያል ፒሩ (የትኛው ቁጥር በየትኛው መስመር እንደሚወጣ የሚወስነው ቅንብር) ላይ «9ቲ» (9 እና ከኋላው የሚከተል ማንኛውም ቁጥር) ብዬ ሞልቻለሁ። 9 ብለን 0911 ወይም 011 ስናስከትል ራውተሩ 9ን ቆርጦ የቀረውን ይልካል፤ ያለ ችግር እንገናኛለን።

ያስጨነቀኝ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር ነው። አንዲት ነርስ 907 ስትጫን ራውተሩ 9ን እንደ መውጫ ቆጥሮ 07 ብቻ ላከ። ስለዚህ ለ907 ብቻ ሌላ የፖትስ (የመደበኛ ስልክ መስመር) ዳያል ፒር ከፈትሁ። አሁን አሥር ሰከንድ ያህል ጸጥ ይላል፤ ከዚያ የውጭው መስመር የመደወያ ድምፅ ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም። ሦስቱም አሃዞች ተቆርጠው የሚቀሩ ይመስለኛል።

«ፎርዋርድ ዲጂትስ ኦል» (ሁሉንም አሃዞች ላክ) ልጻፍ ወይስ «ፕሪፊክስ 907» (907ን ከፊት ጨምር)? አሥሩን ሰከንድስ ሌሎቹን ጥሪዎች ሳላቋርጥ እንዴት ላሳጥረው? ወይስ መውጫውን ወደ 8 መቀየር ይሻላል? የፖሊሱ 991ም በ9 ይጀምራልና ያው ችግር እንዳይገጥመው እሰጋለሁ። ታካሚ በር ላይ ወድቆ ስልክ ይዞ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ዛሬውኑ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።