ጳጉሜ 6ን የማይቀበል አፕ፦ ማይነር (ቀላል ስህተት) ነው ወይስ ክሪቲካል (እጅግ ከባድ)?

ሞካሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የተሠራ አፕ እየሞከርኩ ነው። ሪሊዙ (ለተጠቃሚ የሚለቀቀው) ሐሙስ ነው። አባል ስመዘግብ የትውልድ ቀን ላይ ጳጉሜ 6 ቀን 1995 ብዬ ባስገባ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ መለሰኝ። ሜጀር (ከባድ) ብዬ ጻፍኩት። ዴቨሎፐሩ ግን «በአራት ዓመት አንዴ ለሚመጣ ቀን ሪሊዝ አይቆምም» ብሎ ማይነር አደረገው። ይሄ አልዋጥልኝ አለ። ቀኑ በአራት ዓመት አንዴ ይምጣ እንጂ፣ በዚያ ቀን የተወለደ ሰው በማንኛውም ቀን ሊመዘገብ ይመጣል። እናንተ ብትሆኑ ስንተኛ ደረጃ ላይ ታስቀምጡታላችሁ?

ባክኤንድ (የአፕ የውስጥ ኮድ ጸሐፊ)፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግን በምዝገባው ብቻ ከተከራከርሽ ይረታሻል። እዚያ ላይ ቢያንስ ስህተቱ ይታያል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይታይ የሚያልፈው ነው። ኮዱ ጳጉሜ 6ን ካላወቀ፣ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 እያደረገ ቀን እየቆጠረ ይሆናል። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዮሐንስ ግን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ነው የሚውለው። ስለዚህ ዓመቱ በሙሉ በአንድ ቀን ይዛነፋል። የ2016ን ገና ሞክሪው። ታኅሣሥ 28 ነበር፤ ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ማለት አለበት። 6 ካለሽ ጉዳዩ ከትውልድ ቀን አልፏል።

የብድር ክፍል፦
ማኅበር ውስጥ ስለሠራሁ አንድ ነገር ልጨምር። የሚቀጥለው ጳጉሜ 6 በ2019 መጨረሻ ነው። ሩቅ ይመስላል። ዘንድሮ የሚሰጥ የሦስት ዓመት ብድር ግን የ2020ን ክፍያዎች ዛሬውኑ መርሐ ግብሩ ላይ ያወጣቸዋል። ቅጣት በቀን የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ቀላል አይደለም። አባሉ በሰዓቱ ከፍሎ ለምን እንደተቀጣ የሚያስረዳው አያገኝም።

ሞካሪዋ፦
ሁለቱንም ሞከርኩ። ገናው ጃንዋሪ 6 ወጣ። ብድሩም ላይ የመስከረም 5 ቀን 2020 ክፍያ ሴፕቴምበር 15 ላይ አረፈ፤ ትክክሉ 16 ነው። በቀኑ የከፈለ ሰው ላይ የአንድ ቀን ቅጣት ቆረጠበት! ክሪቲካል ብዬ ስክሪንሾቱን አያይዤ መልሼ ከፍቼዋለሁ። የገንዘብ ስህተት ነው፣ ማንም አያየውም፣ በሌላ መንገድ ማለፍም አይቻልም። ሐሙስ መውጣቱ ግዴታ ከሆነ ብድሩ ተዘግቶ ቁጠባው ብቻ ይውጣ ልላቸው ነው።

ባክኤንድ፦
ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። ቀኖቹ ዳታቤዝ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተቀመጡ ኮዱን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም። ለሙከራ የተሰጣቸው ማኅበራት ካሉ፣ ቀድሞ የገቡት የ1996፣ የ2000፣ የ2004 እና የመሳሰሉት ዓመታት ቀኖች በአንድ ቀን ቀድመው ተመዝግበዋል። ኮዱ ሲስተካከል እነዚያ ሰዎች የትውልድ ቀናቸው ተቀይሮ ያገኙታል። እሱን ለብቻው ባግ (የስህተት ሪፖርት) አድርገሽ ክፈቺው፤ ከዚህኛው ጋር አብሮ እንዳይዘጋ።